የማሴሩ ጭስ፣ የጆበርግ ውሃ

መስከረም 12 ቀን 1991 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ ጎህ ሳይቀድ፣ የደቡብ አፍሪካ ጦር ድንበር ተሻግሮ ሌሶቶ ገባ። ስድስት መቶ ያህል ወታደር፣ ብረት ለበስ መኪናና ሄሊኮፕተር ይዞ ነው የገባው፤ ዘመቻውንም «ቦሊያስ» ብለው ሰይመውታል። እኔ በዚያ ወቅት በዋና ከተማዋ በማሴሩ፣ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሂሳብ አስተምር ነበር። ዛሬ ኑሮዬ ጆሃንስበርግ፣ በአጭሩ ጆበርግ፣ ነው። በዚያ ሳምንት ከሞቱትና ንብረታቸው ከነደደባቸው ጋር ሲተያይ የእኔ መከራ ከመከራ አይቆጠርም። ቢሆንም ኃያል አገር ትንሽ ጎረቤቱን ሲወር ከሁሉ አስቀድሞ እጁን የት ላይ እንደሚያሳርፍ በቅርብ አይቻለሁ፤ በአማርኛ የጻፈው ሰው ደግሞ አላጋጠመኝም። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ያ ማክሰኞ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 22 ቀን 1998 ይውላል።

ሌሶቶ በአራቱም አቅጣጫ በደቡብ አፍሪካ የተከበበች ተራራማ አገር ናት። ዝቅተኛ የሚባለው ቦታዋ እንኳ ከባሕር ወለል በላይ 1,400 ሜትር ግድም ነው። ደገኛ ሰው ሲገባባት አገሩ የተመለሰ ይመስለዋል፤ ውርጩ፣ ፈረሱ፣ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ቁልቁለቱን የሚወርደው ገበሬ። እኔ የተወለድኩት ጎጃም፣ ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ ብዙ በማይርቅ ቀበሌ ነው። ማሴሩ በገባሁ ሰሞን ማለዳ ማለዳ ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ ያየሁ እየመሰለኝ «እንደምን አደሩ» ሊያመልጠኝ ይደርስ ነበር። ባሶቶ የሚባሉት የአገሬው ሰዎች የአገራቸውን መሥራች ሞሽዌሽዌን እኛ ቴዎድሮስን በምናነሳበት ድምፅ ያነሱታል። ቦዌር የሚባሉት ነጭ ሰፋሪዎች ከካሌዶን ወንዝ ማዶ ያለውን ለም ሜዳ ከነጠቁት በኋላ ሞሽዌሽዌ በእንግሊዝ ጥላ ሥር ለመግባት ለመነ፤ የተፈቀደለትም በማርች 1868 ነው። በሚቀጥለው ወር፣ በኤፕሪል፣ የዚያችው እንግሊዝ ጦር መቅደላን ደረመሰ። ስለ እንግሊዝ ከባሶቶ ሽማግሌ ጋር ያነሳነው ጨዋታ ሁሉ ሳንግባባ የሚያልቀው ለዚህ ነበር።

የነገሩ መነሻ ምርጫ ነው። በሜይ 23 ቀን 1998 ሕዝቡ ድምፅ ሲሰጥ የሌሶቶ ኮንግረስ ለዴሞክራሲ የተባለው ፓርቲ ከ80 የምክር ቤት ወንበር 79ኙን ጠቅልሎ ወሰደ። ያገኘው ድምፅ ግን ስልሳ በመቶ ያህል ነበር። በየወረዳው አንደኛ የወጣ ብቻ ስለሚገባ፣ አርባ በመቶ ለሚሆነው መራጭ አንድ ወንበር ደረሰው ማለት ነው። ተማሪዎቼ ይህ እንዴት እንደሚሆን ጠይቀውኝ በሰሌዳ ላይ አስልቼ አሳይቻቸዋለሁ። ስሌቱ ስህተት አልነበረውም፤ አለማመናቸውም እንዲሁ። ተቃዋሚዎች ከኦገስት ጀምሮ በንጉሥ ሌትሲ ሦስተኛ ቤተ መንግሥት በር ላይ ሰፈሩ። ደቡብ አፍሪካዊው ዳኛ ፒየስ ላንጋ የመሩት ኮሚሽን ምርጫውን መርምሮ ቃሉን እንዲሰጥ ሁሉም ይጠብቃል፤ ሪፖርቱ በዘገየ ቁጥር በሩ ላይ ያለው ሰው እየበዛ ሄደ።

ሴፕቴምበር 11 የኛ እንቁጣጣሽ ነበር። በከተማዋ የነበርን ጥቂት ኢትዮጵያውያን አንድ ጓደኛችን ቤት ተሰብስበን በማሽላ ዱቄት የተጋገረ እንጀራ በዶሮ እንበላለን። ወሬው ሁሉ ባድመ ነው። ከሜይ ወዲህ አገር ቤት ጦርነት ላይ ነበረ፤ ስልክ ያገኘ ሰው የሰማውን ሲናገር ጉርሻ በእጅ ይቀራል። በመካከል የቤቱ ባለቤት ሬዲዮኑን ከፍ አደረገው፤ ወጣት መኮንኖች አለቆቻቸውን አስረው የጦሩን አዛዥ ሥልጣን እንዲለቅ አስገድደዋል። «ደግሞ እዚህም?» አለች ሚስቱ፣ ጀበናውን እንደያዘች። ሁላችንም ደርግ ሲመጣ ያየን ወይም የሰማን ነን፤ ወጣት መኮንን አለቃውን አሰረ ሲባል መጨረሻውን ለመገመት አስተርጓሚ አያስፈልገንም። ከጥቂት ቀናት በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፓካሊታ ሞሲሲሊ ለጎረቤት መንግሥታት የድረሱልኝ ደብዳቤ ጻፉ።

የዚያን ማክሰኞ ሌሊት የቀሰቀሰኝ የሄሊኮፕተር ድምፅ ነው። ቤቱን ያከራዩኝ ሴትዮ—እሜ እላቸው ነበር፣ ሰፈሩ ሁሉ እናት ሲል እንደሚጠራቸው—ሻማ ይዘው ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል። ባላቸው ጆበርግ ወርቅ ሲቆፍር ኖሮ ሳንባው በአቧራ አልቆ የሞተ ነው፤ ከእሱ የቀራቸው አንድ የብረት ሣጥንና ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶ ነበር። «ማቡሩ መጡ» አሉኝ። ማቡሩ ማለት ቦዌሮች ናቸው። የመጣው የማንዴላ መንግሥት ጦር እንደነበረ እሳቸውም ያውቃሉ፤ ግን ከዚያ አቅጣጫ ጠመንጃ ይዞ ለሚመጣ ሰው የነበራቸው ስም እሱ ብቻ ነው። አልፈረድኩባቸውም። በ1982 ዲሴምበር 9 ሌሊት የአፓርታይድ ኮማንዶ ማሴሩ ገብቶ 42 ሰው ሲገድል በሕይወት ነበሩ። ከሞቱት ብዙዎቹ የደቡብ አፍሪካ ስደተኞች ሲሆኑ አሥራ ሁለቱ ባሶቶ ናቸው። ባሶቶ አፓርታይድን ይታገል ለነበረው ለኤ.ኤን.ሲ. ልጆች ቤቱን ከፍቶ የከፈለው ዋጋ ነበር። አሁን ኤ.ኤን.ሲ. ራሱ መንግሥት ሆኖ በዚያው መንገድ ሠራዊት ላከ።

ሲነጋጋ የተኩሱ ድምፅ ከጦር ሰፈሮቹ አቅጣጫ መጣ። ከባዱን ከቀላሉ ለመለየት ልምድ አልነበረኝም፤ የመስኮቱ መስታወት ሲንቀጠቀጥ ከባድ ነው እል ነበር። እሜ ፍራሽ ኮሪደር ላይ አስነጥፈው የጎረቤት ልጆችን ሰበሰቡ። ረፋዱ ላይ ተኩሱ ራቅ አለ፤ እኔም ከቤት ወጣሁ። ምን እብደት ነው የሚለኝ ይኖራል። ፓስፖርቴ ትምህርት ቤቱ ቢሮ ውስጥ ነበር፤ የሥራ ፈቃድ ሊታደስልኝ ሰጥቼ ገና አልተመለሰልኝም። ስደተኛ የሆነ ሰው ይህን ይረዳል። በዚያች ሰዓት ከሞት ይልቅ የፈራሁት ድልድዩ ላይ ያለ ወረቀት መቆምን ነው።

ኪንግስዌይ የማሴሩ ዋና ጎዳና ነው፤ ከድንበር ድልድዩ አቅጣጫ ተነስቶ ከተማዋን ሰንጥቆ ያልፋል። በጎን በኩል ባለ መንገድ ላልፈው ስል ከፊቴ ብዙ ሰው አየሁ። መጀመሪያ ሰልፍ መሰለኝ። ሱቅ እየሰበሩ ነው። ቁጣው የጀመረው የደቡብ አፍሪካ ኩባንያዎች መደብሮች ላይ ነው፤ ቀጥሎ የቻይናዎቹ ሱቆች፤ ቀጥሎ የባሶቶ ነጋዴዎችም። ፍሪጅ በእጅ ጋሪ የሚገፋ አለ፣ ግራና ቀኙ የማይገጥም ጫማ ያቀፈች ሴት አለች፣ ትምህርት ቤት ዩኒፎርሙን እንደለበሰ ብስኩት የሚበላ ልጅ አለ። ከኋላቸው አንድ ሕንፃ መጨስ ጀምሯል።

አራት አምስት ወጣቶች ከበቡኝ። ከየት ነህ አሉኝ በአገሬው ቋንቋ በሴሶቶ። መለስኩላቸው፤ አነጋገሬ ግን የባዕድ ነው። አንዱ ቦርሳዬን ነጥቆ ገለበጠው፤ ያላረምኩት የፈተና ወረቀት መንገዱ ላይ ተበተነ። «የማቡሩ ሰላይ ነው» አለ ሌላው፣ የአጥር እንጨት ይዟል። ኢትዮጵያዊ ነኝ፣ መምህር ነኝ አልኩ። የመጀመሪያው ምት ትከሻዬ ላይ አረፈ፤ ሁለተኛው ጆሮዬን ስቶ አንገቴን መታኝ። ተንበርክኬ እጄን ጭንቅላቴ ላይ አደረግሁ። በኋላ ብዙ ሰው «ማን አዳነህ?» ብሎ ይጠይቀኛል፤ ደግ ሰው መጣ፣ ተማሪህ አወቀህ እንድል ይፈልጋሉ። ማንም አልመጣም። ከጎናችን የአንድ ጫማ ቤት የብረት መዝጊያ ተገንጥሎ ወደቀ፣ ሁሉም ወደዚያ ሮጡ፣ እንጨት የያዘውም ጭምር። የእኔ ሕይወት ለእነሱ ከአንድ ጥንድ ጫማ ያነሰ ጉዳይ ስለነበር ተረፍኩ።

ከመንገዱ ዳር ያለ ቦይ ውስጥ ገብቼ ተኛሁ። ለመመስከር የተነሳሁበት ዋናው ነገር እዚያ ሆኜ ያየሁት ነው። ሁለት የደቡብ አፍሪካ ብረት ለበስ መኪናዎች በዚያው መንገድ አለፉ። ዘራፊው ሕዝብ ገለል አለላቸው፤ እነሱም ፍጥነታቸውን አልቀነሱም። ከላይ የተቀመጠው ወታደር አንገቱን አዙሮ የሚነደውን ሕንፃ ሲያይ አየሁት፤ ጓንት አድርጓል። ወደ ቤተ መንግሥቱ አቅጣጫ ሄዱ። ሕዝቡም ወደ ሥራው ተመለሰ። መላው ቀን የሆነው ይኸው ነው። ጦሩ እንዲይዛቸው የተሰጡት ቦታዎች ነበሩት፤ የጦር ሰፈሮቹ፣ ቤተ መንግሥቱ፣ ሬዲዮ ጣቢያው፣ ድንበሩ፣ ሌላም አንድ ቦታ። ኪንግስዌይ ከዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። ያንኑ የድረሱልኝ ጥሪ ሰምቶ የመጣው የቦትስዋና ጦር ዘግይቶ ሲደርስ ከተማዋ እየነደደች ነበር።

ከቦዩ ወጥቼ ትምህርት ቤቱ ደረስኩ። ዘበኛው ብርድ ልብስ የለበሱ ሽማግሌ ናቸው። አንገቴን ሲያዩ ውሃ አመጡልኝ፤ የቢሮውን ቁልፍ ስለምናቸው ግን ርዕሰ መምህሩ ሳይፈቅዱ አይሆንም አሉ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከከተማው በኩል ትልቅ ፍንዳታ ተሰማ፤ ምናልባት የጋዝ ሲሊንደር ይሆናል። ሽማግሌው ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡ። «ዛሬ የማይሰበር በር ላይኖር፣ እኔ ብከፍተው ምን አለ» ብለው ከፈቱልኝ። ፓስፖርቴ መሳቢያ ውስጥ፣ ከሌሎች መምህራን ፓስፖርት ጋር በላስቲክ ታስሮ ተቀምጧል። የሌሎቹንም ይዤ እንድወጣ ፈለጉ፤ አልደፈርኩም። ወደ ቤት መመለስ ስላልተቻለ ከእሳቸው ጋር እዚያው አደርኩ። የበቆሎ ገንፎና ጎመን አበሉኝ። ማታ ከግቢው ሆነን ኪንግስዌይ ላይ ያለውን እሳት እናያለን። በሳር የተከደነው፣ የባሶቶ ኮፍያ ቅርጽ ያለው የእደ ጥበብ መሸጫ ቤትም ተቃጥሎ ነበር፤ ጎብኚ ሁሉ ፎቶ የሚነሳበት የከተማዋ ምልክት ነው። ሽማግሌው የተናደዱት በመደብሮቹ አይደለም፤ ያን ቤት ግን የራሳችን ልጆች እንዴት ያቃጥሉታል እያሉ እስኪነጋ አልተኙም።

ወደ እሜ ቤት ስመለስ ግቢው በሰው ተሞልቶ አገኘሁት። ለቅሶ ነው። የእህታቸው ልጅ የሌሶቶ መከላከያ ወታደር ነበር፤ ካትሴ ላይ ሞቷል። ልጁን አውቀዋለሁ፤ በዓል ሲሆን መጥቶ ጣሪያ የሚጠግንላቸው ዝምተኛ ልጅ ነው። ከሄሊኮፕተር የወረዱ የደቡብ አፍሪካ ፓራትሮፐሮች ማለዳ ካትሴ ግድብ ላይ የነበረውን የሌሶቶ ጦር አጥቅተው ከ15 የማያንሱ ወታደሮች ገድለዋል። እሜ አላለቀሱም። አንድ ነገር ነው ደጋግመው የሚጠይቁት፤ «ንጉሡ እዚህ ነው። ሰልፈኛው እዚህ ነው። አመፀኛው መኮንን እዚህ ነው። ካትሴ ላይ ከውሃ በቀር ምን አለ?»

ካትሴ ከማሴሩ ርቆ፣ ማሊባማጾ በሚባል ወንዝ ላይ፣ በማሎቲ ተራሮች መካከል የተሠራ ግድብ ነው። ቁመቱ 185 ሜትር ይሆናል። ውሃው ተራራ ሥር በተቆፈረ፣ በጠቅላላው 82 ኪሎ ሜትር በሚሆን ዋሻ ሰሜን አቅጣጫ ይዞ ይሄድና፣ በመንገዱ ሙዌላ ላይ ለሌሶቶ መብራት አመንጭቶ፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ አሽ ወንዝ ላይ ይወጣል። ከዚያ በተፈጥሮ ወንዞች ወርዶ ቫል ግድብ ይገባል። ከቫል ራንድ ዋተር የተባለው ድርጅት እየገፋ ወደ ጆሃንስበርግ ያወጣዋል። ጆሃንስበርግ በ1886 ወርቅ ስለተገኘ ብቻ ደጋ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ እዚህ ግባ የሚባል ወንዝ በአጠገቧ የለም። ማዕድኑ፣ ፋብሪካው፣ የፕሪቶሪያ መሥሪያ ቤቶች፣ የሶዌቶ ቧንቧ ሁሉ ከሩቅ በሚመጣ ውሃ ይኖራሉ።

ውሉ የተፈረመበት ጊዜም ሊነገር ይገባዋል። በ1986 መጀመሪያ የአፓርታይድ መንግሥት የሌሶቶን ድንበር ዘጋ፤ እህልም ነዳጅም በዚያ ድንበር ስለሚገባ አገሪቱ ታነቀች። በጃንዋሪ 20 ቀን ኤ.ኤን.ሲ.ን ያስጠጉ የነበሩት ጠቅላይ ሚኒስትር ሌአቡዋ ጆናታን በጄኔራል ጀስቲን ሌካንያ ተገለበጡ፤ ድንበሩም ተከፈተ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 24 ቀን አዲሱ ወታደራዊ መንግሥት የውሃውን ውል ፈረመ። ለሌሶቶ የውሃ ክፍያ ይገባታል፣ ይከፈላታልም፤ የምትሸጠው ሌላ ብዙ ነገር ስለሌላት ክፍያው ቀላል አይደለም። ግን ገዥው ሻጩን ጉሮሮውን ይዞ የጀመረው ንግድ ነው። የመጀመሪያው ውሃ በጃንዋሪ 1998 ሲለቀቅ ማንዴላና ንጉሥ ሌትሲ ጎን ለጎን ቆመው መረቁት። ጦሩ የገባው ከዚያ ስምንት ወር በኋላ ነው።

ለደቡብ አፍሪካም መመስከር አለብኝ። ሞሲሲሊ ደብዳቤ ጽፈዋል፤ ያልተጠራ ጦር አይደለም የመጣው። የመፈንቅለ መንግሥት ሥጋቱ የፈጠራ ወሬ አልነበረም፤ በ1994 ንጉሡ የተመረጠ መንግሥት በትነው ጎረቤቶች ናቸው ያስመለሱት። ጦሩ የገባበት የደቡባዊ አፍሪካ ልማት ማኅበረሰብ ስም የተጠራው በከንቱ ነው ብዬም አልምልም፤ ፈቃዱ በወጉ ተሰጥቷል አልተሰጠም የሚለውን የሕግ ሰዎች እስከዛሬ ይከራከሩበታል። ማንዴላም ምክትላቸው ምቤኪም በዚያ ቀን ከአገር ውጭ ነበሩ፤ ተጠባባቂ ፕሬዚዳንቱ የኢንካታ ፓርቲ መሪ ማንጎሱቱ ቡቴሌዚ ናቸው። ጦሩ በሜይ 1999 ወጣ። ሌሶቶም የምርጫ ሕጓን አሻሽላ በ2002 ወንበሩ በድምፅ ልክ የሚካፈልበት፣ ሰላማዊ የሆነ ምርጫ አደረገች። ይህ ሁሉ ከመልካም ጎኑ ይጻፍ።

ግን እኔ ቦይ ውስጥ ነበርኩ። ስድስት መቶ ሰው ያለው አዛዥ ሁሉንም ነገር መጠበቅ አይችልም፤ ይመርጣል። የተመረጠውን ነገር በመግለጫ መሸፈን ይቻላል፣ ሄሊኮፕተሩ በመጀመሪያው ሰዓት የት እንደወረደ ግን መሸፈን አይቻልም። ምርጫን ለማዳን የመጣ ጦር በምርጫ የተጣላውን ከተማ ለእሳት ትቶ፣ ሰልፈኛ ወደሌለበት ተራራ ፓራትሮፐር አይልክም። ወይም ይልካል፣ ምርጫውን ከማዳን ጋር ሌላ የሚያድነው ነገር ካለው። ግድቡን አመፀኞቹ እንዳያፈነዱት ነው ተብሏል። ካትሴ የነበሩት ወታደሮች ግን እዚያ የተመደቡት ያንኑ ግድብ እንዲጠብቁ ነበር።

የጎጃም ልጅ ይህን ለመረዳት ሩቅ አይሄድም። የግብፁ ኸዲቭ ኢስማኢል በ1875 እና በ1876 በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተዋጉ መኮንኖችን ሳይቀር ቀጥሮ ጦር ሲልክ፣ ከቀይ ባሕር ጠረፍ አልፎ የዓባይን ምንጮች በእጁ ማድረግ ይመኝ ነበር፤ አፄ ዮሐንስ ጉንደትና ጉራ ላይ ጨረሱለት። በሜይ 1902 ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል ደግሞ፣ ያለ እንግሊዝና ያለ ሱዳን መንግሥት ስምምነት በዓባይ፣ በጣና ወይም በሶባት ላይ ውሃውን የሚያግድ ሥራ እንዳይሠራ የሚል አንቀጽ አለ። አንዱ በጦር፣ አንዱ በወረቀት። ሌሶቶ ላይ ሁለቱም በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ተደረጉ፤ ወረቀቱ ቀደመ። ልዩነቱ እኔ ያደግሁት ውሃው ከሚነሳበት በኩል መሆኑ ነው፤ ዛሬ ደግሞ ውሃው በሚደርስበት ከተማ የቧንቧ ሂሳብ እከፍላለሁ። ከዚህ በኩል ሲታይም ነገሩ እውነት አለው። ሚሊዮኖች የሚጠጡትን ነገር በሌላ አገር ተራራ ላይ ትቶ የሚተኛ መንግሥት የለም።

ከቀብሩ በኋላ ከማሴሩ ወጣሁ። ዳቦ የለም፣ የሚሸጥበት ሱቅ የለም፤ ትምህርት ቤቱም መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም። ከብዙ ሕዝብ ጋር በእግር ወደ ድልድዩ ሄድኩ። ካሌዶንን ተሻግሮ ሌዲብራንድ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፤ ያ ሰሞን በሸሹ ሰዎች ተጨናንቃለች። ወራሪው ጦር በመጣበት ድልድይ ላይ ወደ ወራሪው አገር መሸሽ ያሳፍር ነበር፤ ግን ሌሶቶ ሌላ ድንበር የላትም። ድልድዩ ላይ ፓስፖርቴን የተቀበለኝ ወጣት ወታደር ጥቁር ነው፤ አጠገቡ የቆመው ነጭ አለቃው በአፍሪካንስ ያዝዘዋል። የቀድሞው የአፓርታይድ ጦርና የነፃነት ታጋዮቹ በ1994 አንድ ላይ ተቀላቅለው አዲስ መከላከያ ከሆኑ ወዲህ፣ ይህ በጎረቤት አገር ያደረጉት የመጀመሪያ ዘመቻ ነው። ልጁ «ኢትዮጵያ!» ብሎ ፈገግ አለ፤ ማንዴላ በ1962 እናንተ ጋ ነው የሠለጠነው አለኝ። እውነቱን ነው፣ አዲስ አበባ ኮልፌ። አንገቴን አይቶ ማን መታህ አለኝ። ወደቅኩ አልኩት።

ጆበርግ እንደ ሌላው አበሻ ጄፒ ጎዳና ላይ ጀመርኩ። ቀበቶ ሸጥኩ፣ ብርድ ልብስ ሸጥኩ፣ ቆይቶ ማታ ማታ ለአበሻ ልጆች ሂሳብ ማስጠናት መጣ። በ2008 አሌክሳንድራ ላይ የተነሳው የውጭ ዜጋ አደን ሎኬሽን በሚባሉት የጥቁሮች ሰፈሮች ውስጥ የሚሠሩ ልጆቻችንን ሲያባርር፣ የአጥር እንጨት የያዘ ወጣት እንደገና አየሁ። እሱ ራሱን የቻለ ሌላ ታሪክ ነው። እሜ ጋ ለበዓል እደውል ነበር፤ ካትሴ የሚለውን ቃል አንድም ቀን አንስተውብኝ አያውቁም፤ የልጁን ስም ግን ያነሳሉ። አሁን አርፈዋል።

በ2024 ማርች ጆበርግ ውስጥ ለቀናት ውሃ ጠፋ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ደግሞ የሌሶቶው ዋሻ ለጥገና ለወራት ተዘጋ። አገር ቤት ሮቶ የምንለውን ታንከር እዚህ ጆጆ ይሉታል፤ ጄፒ ላይ የጆጆ ዋጋ የማያወራ ሰው አልነበረም። እዚያ ቡና የምጠጣበት ቤት ወጣቶች አብዛኞቹ የሆሳዕና አካባቢ ልጆች ናቸው፤ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ ቆርጠው የመጡ። ቁጭ ብለው ስለ ዩክሬን ይከራከራሉ፤ ሩሲያ ምን ፈልጋ ገባች፣ ስንዴ ነው፣ ባሕር ነው፣ ኔቶ ነው። እኔም አንድ ቀን ይህ የምንጠብቀው ውሃ ራሱ ጦር የተላከለት መሆኑን ነገርኳቸው። አላመኑም። ደቡብ አፍሪካ? ማንን ወረረች? ብለው ሳቁ። እንደዚህ እንደጻፍኩት፣ ከሄሊኮፕተሩ ጀምሬ አወራኋቸው። ጨዋታው እስኪያልቅ አንዱ ስልኩ ላይ ካትሴን ፈልጎ ፎቶውን ለሁሉም አዞረ፤ ነጭ ግንብ፣ ሰማያዊ ውሃ፣ ያምራል።

ከመካከላቸው ሎኬሽን ውስጥ ስፓዛ የሚሉት ትንሽ ሱቅ ያለው አንድ ልጅ ነው የጠየቀኝ። ስለታም ልጅ ነው፤ ብዙ አይናገርም።

«ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ» አለ። «እርስዎ ፕሪቶሪያ ላይ ተቀምጠው ቢሆን፣ ያን ግድብ እንዲያው ሜዳ ላይ ይተዉት ነበር?»

«አልተወውም» አልኩት። «ግን ሜዳ ላይ አልነበረም። ጠባቂ ነበረው፤ አንዱን አውቀው ነበር።»